የሙሄዲን ቤት ትከሻ

“ይሄ ዜሮ ከየት መጣ?” አለ ኤፍሬም ከሀስና ወንበር ጀርባ ቆሞ።

ሀስና እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። የወልድያው አዳራሽ መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባና አቧራ አብረው ይገባሉ። ከየወረዳው የመጡት የጤና ባለሙያዎች ምሳቸውን በልተው ዐይናቸው ከብዷል። ኤፍሬም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ለአንድ የጤና አገልግሎት የሚወጣው ገንዘብ ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር እንዴት እንደሚመዛዘን ሊያሠለጥናቸው መጥቷል። እያንዳንዱ ወረዳ ከራሱ ሥራ አንድ ጥያቄ ይዞ እንዲመጣ አዝዞ ነበር።

“ከፋይ የለውማ” አለች ሀስና። “ቅሬው ነው የሚሸከመው።”

“ቅሬ እድር ማለት አይደል?”

“እድር ነው። ግን ሰው ሲሞት ብቻ አይደለም። ሲታመምም፣ ሴት ምጥ ሲይዛትም በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገባበት ያወርዳሉ።”

የሀስና ወረዳ የሀብሩ ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነበር። መኪና በማይደርስባቸው የደጋ ቀበሌዎች ያሉ እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ ወደ ታች ወርደው ጤና ጣቢያው ግቢ ባለችው የእናቶች ማቆያ ይሰነብታሉ። እህልና ማገዶ ያቀርብ የነበረው ድርጅት አምና ሥራውን ጨርሶ ወጣ። አሁን ወይ ወረዳው ከራሱ በጀት ቀለባቸውን ይችላል፣ ወይ ማቆያው ይዘጋና ሴቶቹ እንደ ድሮው ምጥ ሲጀምራቸው በቃሬዛ ይወርዳሉ። ሀስና አዋላጅ ነርስ ናት። ጤና ጣቢያው ውስጥ ዓመታት ሠርታ አሁን መርሳ ባለው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የእናቶችን ጉዳይ ትከታተላለች። ማቆያው እንዳይዘጋ ትፈልጋለች። ሠንጠረዡ ግን እንቢ አላት። የቃሬዛው ወጪ ዜሮ እስከሆነ ድረስ፣ በየትኛውም በኩል ብትደምረው ማቆያው ገንዘብ አባካኝ ሆኖ ይወጣል።

ኤፍሬም ጎንበስ አለ። “ቃሬዛ የተሸከመው ሰው ያን ቀን ምን ሳይሠራ ዋለ?”

“ሳያርስ። ሽንኩርት ሳይለቅም።”

“እሱ ነው ወጪው። ከኪስ ብር ስላልወጣ ወጪ የለም ማለት አይደለም። ሄደሽ ጠይቂያቸው፤ ቀናችሁ ስንት ያወጣል በያቸው። ሰኞ ይዘሽው ነይ።”

እሱ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሲያልፍ አጠገቧ የተቀመጠው አለቃዋ በላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በላይ ክፉ ሰው አይደለም፤ የአምቡላንሱ ነዳጅ ወሩ ሳይጋመስ እያለቀበት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው።

“ዜሮውን ተይው፣ ሀስና። መንግሥት ያልከፈለውን ወጪ ብሎ የጻፈ ወረዳ አለ? ማቆያውን ልያዝ ብል ነዳጁን ከየት ላምጣልሽ?”

“እስከ ሰኞ ድረስ ይታገሡኝ፣ አቶ በላይ።”

“እስከ ሰኞ። ከዚያ ያለውን እናስገባለን።”

ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ እሷ ቀረች። ሠንጠረዡ ግርጌ ላይ አንድ ባዶ መስመር ነበር። ምን እንደነካት ሳታውቅ የአባቷን የሙሄዲንን መንገድ አስገባችበት፤ በጥቅምት ቅሬው ተሸክሞ ያወረደውን፣ የመኪናውን፣ የሆስፒታሉን፣ ሬሳውን የመለሰውን። የተገኘ ጥቅም በሚለው ዜሮ ጻፈች። ኮምፒውተሩ በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል ነገራት። መስመሩን አጥፍታ ሻይ ወዳለበት ሄደች።

ዓርብ ቀትር ላይ ሲለቀቁ መናኸሪያ ወርዳ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ያዘች። ከመርሳ እስከ ግራና በባጃጅ ሄደች። ከግራና ወዲያ መንገዱ ለእግር ብቻ ነው። መስኖ የሚጠጣውን የሽንኩርት ማሳ ከኋላዋ ትታ ዳገቱን ስትጀምር ጉልበቷ ከአዳራሹ ወንበር ያመጣው ድካም ሁሉ አንድ ላይ መጣባት።

አባቷን በዚህ መንገድ ነበር ያወረዱት። እሷ ከፊት ትሄድ ነበር። የጉበቱ ነገር ከእጅ እንደወጣ በሙያዋ ታውቃለች፤ እነሱም መልኩን አይተው አውቀዋል፤ ማንም አላነሣውም። ቁልቁለቱ ላይ ሲያንገላቱት ከሸካሚዎቹ አንዱን፣ ሽንኩርት አልሚውን ዓሪፍን አይቶ “ቀስ በሉ፣ የዓሪፍ ሽንኩርት አይደለሁም” ብሎ አስቋቸው ነበር። የመንደሩ ሾላ ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ፊቱ ወደ ቁልቁለቱ ስለነበር ቤቱን እያየ እንዲወርድ ቃሬዛውን እንዲያዞሩለት ለመናቸው። አዞሩት። እግሩ ሽቅብ ራሱ ቁልቁል ሆኖ ለሸካሚዎቹ የማይመች ነገር ነበር። እንደዚያ ሆነው እስከ ታች ወረዱ።

ምንጩ ዘንድ ውባለምን አገኘቻት። የእናቷ ጎረቤት ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፤ ጄሪካኗን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ወገቧን ይዛ ቆማለች። አምና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ሲጀምራት በቃሬዛ ነበር ያወረዷት። እሷ ተርፋለች፤ ልጁ አልተረፈም።

ከተሳሳሙ በኋላ ውባለም “ማቆያው አለ አይደል?” አለች። “ሀብቴ እህል አስፈጭቶልኛል። በሚመጣው ወር ወርጄ እተኛለሁ ብያለሁ።”

“ሰኞ ይለያል።”

“ሰኞ ምን አለ?”

“ሒሳብ እየሠራን ነው።”

ውባለም ሆዷን አየችና ሣቀች። “እኔን ነው የምትደምሩት? ሁለት አድርጋችሁ ደምሩኝ እንግዲያ።”

ሀስና ጄሪካኑን ተቀበለቻትና ሽቅብ አብረው ወጡ።

የዐስር ሶላት ተሰግዶ አብቅቷል። መስጊዱ አጠገብ ካለው ካብ ሥር የቅሬው ወንዶች ተሰብስበው ቃሬዛ ይጠግናሉ። አሮጌው ጠፍር ስለተበጠሰ አዲስ ይወጥራሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት፤ የውባለም ባል ሀብቴ አንዱን አግዳሚ በጉልበቱ ይዟል። የቅሬው ዳኛ ጀብሪል ጠፍሩን እየሳቡ ያጠብቃሉ። አብዛኞቹ ሽበታም ናቸው። ጎረምሶቹ ከፊሉ ከተማ፣ ከፊሉ ሳውዲ ገብተዋል፤ የሀስና ወንድም ኡበይደላም ከነሱ አንዱ ነው።

ሰላምታው ረጅም ነበር። ስለ እናቷ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ወልድያ ሙቀት ጠየቋት። ተቀመጪ አሏት። ሀስና ግን እንዳትረሳው የፈራች ይመስል ቆማ ጠየቀች።

“ጋሽ ጀብሪል፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁ። አንድ ሰው ቃሬዛ ሲሸከም የሚውልበት ቀን ስንት ብር ያወጣል ትላላችሁ? አባቴን ያወረዳችሁ ዕለት፣ ለምሳሌ፣ በሰው ስንት ይሆናል?”

የጠፍሩ ድምፅ ቆመ። ሀብቴ አግዳሚውን ከጉልበቱ አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። ጀብሪል ቀና ብለው አላዩዋትም።

“ዋጋ ነው የጠየቅሽን?” አሉ።

“አዎ፣ በግምትም ቢሆን።”

“እሺ። ሰምተናል።”

አንዱ ከብቶቹን አስታውሶ ተነሣ፤ ሌላውም ተከተለው። ጀብሪል ያልተጠናቀቀውን ቃሬዛ ካቡ ላይ አስደገፉትና ጋቢያቸውን አራግፈው ሄዱ። ሀስና የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባት፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም።

የነገረቻት እናቷ ከድጃ ናት። ወሬው ቀድሟት ቤት ደርሶ ነበር። መደቡ ላይ ተቀምጣ መስገጃዋን እያጠፈች ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

“ከቅሬው ልታስወጪኝ ነው እንዴ?”

“ምን አልሽ፣ እማ?”

“ምን ልበል። ዋጋ ጠየቅሽ። እዚህ አገር ቅሬን ዋጋ የጠየቀ ሰው መቼ አየሽ? እነ የሱፍ ናቸው ሐራ ከተማ ሊኖሩ ሲሄዱ የጠየቁ። አያታቸውን የተሸከሙበትን ከፍለው፣ ከዛሬ ጀምሮ አንፈላለግም ብለው ወጡ። አንቺም የአባትሽን ዕዳ ልትዘጊ የመጣሽ ነው የመሰላቸው። እኔንም መሰለኝ፣ ወላሂ። መርሳ ወስዳ ልታኖረኝ ነው አልኩ።”

“የመንግሥት ጥናት ነው። ማቆያው እንዳይዘጋ ነው።”

“ይሄን መጀመሪያ አትናገሪም?”

ሀስና አዳራሹ ውስጥ እንደተነገራት አድርጋ ልታስረዳት ሞከረች። ሰው ሲሸከም የሚቀርበት ሥራ ወጪ መሆኑን፣ ካልተቆጠረ ቃሬዛው ነጻ እንደሚመስል፣ ነጻ ከመሰለ ማቆያው እንደሚዘጋ ነገረቻት። እናቷ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻት፤ ግን ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

“ሙሄዲን ከሄደ ይሄ ቤት ትከሻ የለውም” አለች። “ቅሬ ሲጠራ የምልከው ወንድ የለኝም። ዝም ብለው እያለፉኝ ነው፤ እኔም እያፈርኩ ነው የምኖረው። አሁን አንቺ ደግሞ ይሄን አመጣሽ። እኔ ስሞት ማን ነው የሚያወጣኝ?”

ሁልጊዜ ሲመሽ እሳት ልትጭር የምትመጣው ውባለም ያን ዕለት ሳትመጣ ቀረች። በምትኳ ከጀብሪል ዘንድ መልእክት መጣ፤ ነገ ጠዋት ቅሬው ስለሚሰበሰብ የሙሄዲን ልጅ ትቅረብ የሚል።

ቅዳሜ ጠዋት ሾላው ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሴት በቅሬው ስብሰባ ላይ የምትቆመው ስትጠራ ብቻ ስለሆነ ሀስና ነጠላዋን አስተካክላ ከክቡ ጫፍ ቆመች። ጀብሪል ጉዳዩን ባጭሩ አቀረቡት። የሙሄዲን ልጅ ትላንት መጥታ ለአባቷ ሸክም ዋጋ ጠይቃለች፤ ይህ ቤት ሊወጣ ከሆነ ይነገረንና ሕጉ እንደሚለው እናድርግ አሉ። ንዴት አልነበረባቸውም። ሌሊቱን ያልተኙ ይመስል ነበር።

ሀስና ተሳስቼ ነው አለች። ዋጋ ስትጠይቅ ለመክፈል እንዳልሆነ፣ ሸክሙን ሊቆጥርላቸው የሚችል ሰው እንደሌለ፣ እነሱ ካልተቆጠሩ ማቆያው እንደሚዘጋ፣ ከተዘጋ ደግሞ ሁልጊዜ እነሱ እንደሚሸከሙ እየተንተባተበችም ቢሆን ተናገረች።

“እኛ ከበደን አልን?” አሉ ጀብሪል።

“አላላችሁም።”

“እንግዲያ ምኑን ነው የምትቆጥሪው?”

ፊታቸውን ስታይ ሁሉም መሬቱን ያያሉ። የጀብሪል ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ብሎ እንደቀረ ድሮም ታውቃለች፤ ዛሬ ግን ባለማየት ልታልፈው ሞከረች። ከብዶናል የሚል ሰው እዚህ እንደማይነሣ ገባት። ይህን ቃል ካወጡት በሚቀጥለው ጊዜ የሚወጣው ሰው ያንሳል፤ ሁሉም ይህን ያውቃሉ።

ሀብቴ ጎሮሮውን ጠረገ። “የኔይቱ ቀኗ ደርሷል” አለ ወደ ማንም ሳያይ። “አምና የሆነውን ታውቃላችሁ። ማቆያው ቢኖር ጥሩ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።”

“እኔ ልመልስላት” አለ ዓሪፍ ከወዲያ። ዓሪፍ ታች የሰው የሽንኩርት ማሳ ምርቱን ሊካፈል በመጋዞ የሚያለማ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው። “እኔ የቅሬው ደንበኛ ነኝ። የዛሬ ወር ምጥ የያዛትን ዙልፋን ሲያወርዱ ሽንኩርቴ ሊበሰብስብኝ ስለሆነ ቀረሁ። አራት መቶ ብር ነው የተገፈፍኩት።”

ጥቂቶች ሣቁ። ዙልፋን የተሸከሟት ማቆያው እህል አልቆበት ለጊዜው በተዘጋበት ሳምንት መሆኑን ሀስና ታውቃለች።

“ቅጣቱ ድሮ ሃምሳ ብር አልነበረም እንዴ?” አለች።

“ነበር” አለ ዓሪፍ። “እኔና መሰሎቼ ሃምሳውን እየወረወርን ሽንኩርታችን ላይ ስንውል ጊዜ ጋሽ ጀብሪል የለቀማውን የቀን ክፍያ አጣርተው ቅጣቱን አቻ አደረጉት። አሁን ቢቀሩም ያው፣ ቢመጡም ያው። መምጣት ይሻላል፤ ቢያንስ ወሬ ይሰማል።”

“አንተ ደግሞ መጥተህም አትሸከም፣ ወሬውን ነው የምትሸከመው” አለው አንዱ፤ ሣቁ ሰፋ።

ሀስና ወደ ጀብሪል ዞረች። “ይሄን ልጻፈው? ዋጋ ሳይሆን ቅጣቱን።”

“ቅጣት ሚስጥር አይደለም” አሉ ጀብሪል። “ከያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ይወጣል፤ የቀረ አራት መቶ ይከፍላል። ይሄን ጻፊ። ዋጋ የሚል ቃል ግን ከእኛ ስም ጋር እንዳታኖሪው።”

“እሺ።”

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ወረቀትሽ የሚቆጥረው የዳነውን ነው?”

“የዳነውን ነው።”

“ሙሄዲን አልዳነም።”

“አልዳነም።”

“እንደማይድንም አንቺ ታውቂ ነበር። እኛም እናውቅ ነበር። ቃሬዛውን አዙሩልኝ ብሎን አዞርነው፤ ዓሪፍ ያን ዕለት ወገቡን ቀጨው። የሱ መንገድ የት ይጻፋል?”

ሀስና ያጠፋችው መስመር ትዝ አላት።

“የሚጻፍበት ቦታ የለውም፣ ጋሽ ጀብሪል” አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መልሱ አልከፋቸውም፤ ሌላ መልስ እንዳልጠበቁ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ የሙሄዲን ቤት በቅሬው ውስጥ እንደሚቆይ፣ ወንድ ስለሌለበት ግን ከሸክምም ከቅጣትም ነጻ እንዲሆን ምሕረት እንደተደረገለት ተናገሩ። ሁሉም ተስማሙ። ሀስና አመሰገነች። ጀብሪል “አርባ ቤት ይበቃል” ብለው ተነሡ፤ ቅሬው ግን አርባ አንድ ቤት ነበር።

እናቷ ዜናውን ስትሰማ አልሐምዱሊላህ አለች፤ ቀጥላም ትንሽ ቆይታ “እንግዲህ የምሕረት ቤት ሆንና” አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጋደም አለች። ሲመሽ ውባለም እሳት ልትጭር መጣች፤ ስለ ስብሰባው ምንም አላነሣችም።

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ እንደ ሐሙሱ ነበር፤ ያው ወንበር፣ ያው ጥሩምባ። በላይ ቀድሟት ተቀምጦ የነዳጅ ደረሰኝ ይለያል። ሀስና ዜሮውን አጥፍታ አራት መቶ ጻፈች። ኤፍሬም መጥቶ ምንጩን ጠየቃት፤ ቅሬው በቀረ ሰው ላይ የሚጥለው ቅጣት ነው፣ ከቀን ሥራ ሒሳብ ጋር አቻ ያደረጉትም ራሳቸው ናቸው አለችው። ኤፍሬም ደስ አለው። ይህን ቁጥር ሌላ ቦታ ቢፈልጉት እንደማይገኝ ለሌሎቹም ሊነግር ፈለገ፤ እሷ ግን አሁን ይቅር አለችው።

“ጥሩ። በስንት እናባዛው? ስንት ቤት ነው የሚወጣ?”

ሀስና አርባ ብላ ጻፈች። ሠንጠረዡ ራሱን አስተካከለ። ቃሬዛው አሁን ነጻ አልነበረም፤ በወጪ ማቆያውን አልፎ ሄዷል። በላይ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ስክሪኑን አየ።

“ስለዚህ አስቀድሞም እየተከፈለ ነበር” አለ። “በነሱ ትከሻ።”

“እየተከፈለ ነበር።”

“የማቆያውን እህል እቅዱ ውስጥ አስገባዋለሁ እንግዲህ። ነዳጁን አላህ ይወቅ።” ሌላ ጊዜ እግዜር ነበር የሚለው፤ ድካሙ ይሆናል ወይ ለሷ ብሎ ይሆናል። ወደ ደረሰኞቹ ተመለሰ።

ውባለም በሚመጣው ወር የምትተኛበት ቦታ አላት። ሀስና ግን አርባ የሚለውን ቁጥር ታየዋለች። በአርባው ውስጥ የዓሪፍ ቤት አለ፣ የሀብቴ አለ፣ ትከሻቸው የዘመመው የጀብሪልም አለ። እናቷ ግድግዳውን እያየች የተኛችበት ቤት የለም።

ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች። ጀብሪል ዘንድ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ፤ ከወዲያ የበሬ ደወል ይሰማል።

“ጋሽ ጀብሪል፣ ሀስና ነኝ።”

“ኸይር ነው?”

“ኸይር ነው። ማቆያው አይዘጋም ብለዋል። የዛሬ ወር ዙልፋን ስታወርዱ ከኛ ቤት ሰው አልወጣም።”

“እሱን ትተነዋል። ምሕረት ነው ብለንሻል።”

“አውቃለሁ። ይቅጡን።”

ሽማግሌው ከሞፈሩ ፈቀቅ ያሉ መሰላት።

“ከድጃ ታውቃለች?”

“አላወቀችም። ዛሬ እነግራታለሁ። የምከፍለው እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህም ቅሬው በወጣ ቁጥር እኔ መድረስ ካልቻልኩ ይቅጡን።”

“ብትደርሺስ? ትከሻ የለሽም።”

“አዋላጅ ነኝ። ከቃሬዛው ጎን እሄዳለሁ።”

የጀብሪል ድምፅ ሾላው ሥር እንደነበረው የዳኛ ድምፅ ሆነ።

“ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንሰበሰብ” አሉ። “ቅጣቱን ይዘሽ ነይ። ካረፈድሽ ለማርፈዱም ለብቻው ቅጣት አለው።”

ሀስና ወደ አዳራሹ ተመለሰች፤ በላይን አልፋ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አርባውን አርባ አንድ አደረገችው።